ማስተዋልን ከተማ ያሳየሁ ሰሞን

ባለፈው ቅዳሜ ሞተር ሳይክሌን ላሠራ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። መካኒኩ ሞላ በዘይት የጠቆረ እጁን በአሮጌ ካልሲ እየጠረገ፣ «መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርህ» አለኝ። «ልጄን ለክረምቱ አዲስ አበባ ልወስዳት ነው። አሥራ አምስት ሞላት፤ ሰሞኑን ፊቷን አጥቁራ ስልክ ላይ ማፍጠጥ ሆኗል ሥራዋ። ምን ባሳያት ደስ ይላታል? አንተ መቼም ከተማውን አብጠርጥረህ ታውቀዋለህ።»

«ማን ነገረህ?»

«አገሩ ሁሉ ነዋ! የእኅትህን ልጅ ወስደህ ያንሸራሸርካት አንተ አይደለህ?»

ፊቴ ጋለ። እኔ ሰው ጠይቆኝ ዝም የምል አይደለሁም። ስንት ሰዓት ነው ቢሉኝ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ለምን እንደሚለያይ ጨምሬ ነው የምመልሰው። የዚያን ቀን ግን «ባቡሩን አሳያት» ብቻ ብዬ ሞተሬን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ሞላ ከኋላዬ «የቱን ባቡር? ተጀምሮ የቀረውን የሐራውን?» እያለ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር። ለእሱ ያልመለስኩለትን እዚህ ልጻፈው።

ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። መምህራን ክፍል ውስጥ «ድሮ» ብዬ ስጀምር ባልደረቦቼ «አንተ ደግሞ ምን ድሮ አለህ?» ይሉኛል። አለኝ። ድሮ በዓመት ብቻ አይለካም፤ በዋጋም ይለካል። የእኅቴን ልጅ በወሰድኩበት ጊዜ መርሳ ላይ ማኪያቶ በስድስት ብር ይጠጣ ነበር። ከሲሪንቃ መርሳ በሚኒባስ አምስት ብር ከፍለን፣ ረዳቱ ሃምሳ ሳንቲም አልመለሰልንም ብለን እንጣላ ነበር። ዛሬ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ስለ ንጉሥ ዘመን የማወራ ይመስላቸዋል። ያኔ በየሰዉ እጅ የሚታየው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ባትሪው ሳምንት ይቆያል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ መብራት ሲጠፋ አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ አምፖል ራት ይበላል። ወጣት ሴቶች ጥብቅ ጅንስ ከላይ በረጅም ሹራብ ይለብሱ ነበር፤ ሹራቡ ለእናቶች፣ ጅንሱ ለራሳቸው። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ ካለችው የሙዚቃ ሱቅ ቀኑን ሙሉ አምባሰል ይንቆረቆራል፤ ሱቁ ዛሬ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ በአገራችን ስንትና ስንት ነገር አለፈ፤ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው።

እኔ ያኔ ሲሪንቃ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ትከሻው የሰፋኝ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ከደረት ኪሱ ሰማያዊና ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋም። ኮቱን የላከችልኝ ታላቅ እኅቴ የሺ ናት። «እታለም» ነው የምላት፤ በእኛ ቤት ታላቅ እኅት በስሟ አትጠራም። ባሏ ሲሞት ልጇን ማስተዋልን ለእናታችንና ለአባታችን ትታ ዓረብ አገር ሄደች። ማስተዋል ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ያለችው፣ አንዱ ኮንትራት ሲያልቅ ሌላው እየተተካ አሥር ዓመት ሆነ።

ከእሷ ጋር እንዴት እንገናኝ እንደነበር ላብራራ፤ ካልተብራራ ኋላ የሆነው አይገባም። ወደ ዓረብ አገር መደወል ውድ ነው። ስለዚህ ደንቡ «ሚስኮል» ነበር። እንደውላለን፣ አንዴ እንደጠራ እንዘጋለን። እሷ ሥራዋን ጨርሳ፣ አሠሪዎቿ ጋደም ሲሉ፣ በራሷ ሂሳብ መልሳ ትደውላለች። ልጅ ወይም እኅት ዓረብ አገር ያለው የመርሳና የወልድያ ቤት ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር። አንዳችንም እስክታነሣው ድረስ ያስጠራንበት ቀን የለም።

ማስተዋል ዘጠነኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። በክረምቱ መግቢያ እናቴ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ ሲሪንቃ ድረስ መጡብኝ።

«የልጅቱ ልብ ሸፍቷል» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ከደላላው ጋር ቆማ አይተዋታል። ሁለቱ ጓደኞቿ በጳጉሜን ሊሄዱ ነው፣ እሷም ሦስተኛ ናት አሉ። አንተ ተምረሃል፤ አንድ ነገር በላት።»

«ዕድሜዋ መች ደረሰና?»

«ዕድሜውንማ ደላላው ይጨምርላታል። እሱ እንደሁ ከእግዜር ቀጥሎ ዕድሜ ሰጪ ሆኗል።»

«አባባስ ምን አሉ?»

«እሳቸው ምን ይሰማሉ? ጆሯቸው ከብዷል። ‹ልጅቱ የት ልትሄድ ነው?› ቢሉኝ ‹ወፍጮ ቤት› አልኳቸው።»

እኔም አሰብኩ፤ አስቤም መላ አገኘሁ። ወጣት ወደ ሰው አገር የሚሄደው፣ አልኩ፣ ፎቅና መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ሱቅ ለማየት ስለሚጓጓ ነው። እነዚህ ደግሞ በአገራችን አሉ። ስለዚህ ማስተዋል አዲስ አበባን ብታይ ልቧ ይረጋል፤ ትምህርቷን ትቀጥላለች። ዛሬ ሳስበው ለፈተና መልስ የሚሆን እንጂ ለሰው የሚሆን ሐሳብ አልነበረም። ያኔ ግን እውነት መሰለኝ። የሺ ስትደውል ስለ ደላላው ደብቄ፣ «ማስተዋል ጎብዛለችና ለሽልማት አዲስ አበባ ልወስዳት ነው» አልኳት። እንዴት ደስ እንዳላት! «ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለች። «አንበሳ አሳያት። አይስክሬም አብላት። ያቺ መናፈሻ ውስጥ የምትወዛወዝ የመጫወቻ መርከብ አለች አይደል፣ እሷ ላይ አውጣት፤ በዚያ ዕድሜ የሚወዱት እሷን ነው። ብቻዋን እንዳትሰድዳት፣ አብረሃት ውጣ፤ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ሲሆን ነው የሚስቀው።»

«አንቺ ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽው?»

«የእመቤቴን ልጆች በየሳምንቱ የምወስዳቸው እኔ አይደለሁ እንዴ!» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የምትለኝን እየተከተልኩ ጻፍኩ እንጂ ያለችኝ ነገር ምን ማለት እንደሆነ አልሰማሁትም።

ከወልድያ የሚመጣውን አውቶቡስ ገና ሳይነጋ መርሳ ላይ ተሳፈርን። ማስተዋል ሹሩባ ተሠርታ፣ እናቷ የላከችላትን ነጭ ሸራ ጫማ በላስቲክ ሸፍና ነበር፣ ጭቃ እንዳይነካው። ከጎናችን ያሉት ሴትዮ ለአዲስ አበባ ዘመድ የሚወስዱት አንድ ዘንቢል ዘይቱን እግራቸው ሥር ነበር፤ አውቶቡሱ በሞላ ዘይቱን ዘይቱን ይሸታል። ሾፌሩ ትዝታ ከፍቶ፣ ሐይቅን እስክናልፍ አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ መለሰው። እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ደሴን አስረዳሁ። ኮምቦልቻን አስረዳሁ። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ የዋሻ አሠራር ጀመርኩ። ሴትዮዋ ወደ ማስተዋል ዘንበል ብለው፣ «የኔ እመቤት፣ ወንድምሽ ሁሌም እንዲህ ነው ወይስ መንገድ ሆኖበት ነው?» አሏት። ማስተዋል ወደ መስኮቱ ዞረች። በመስተዋቱ ውስጥ ስትስቅ አየኋት።

እውነቱን ለመናገር ከተማውን የማውቀው አንድ ጊዜ ብቻ ለስብሰባ ሄጄ ነው። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ያረፍነው ኮተቤ፣ ያገራችን ልጅ ቤት ነው። በማግሥቱ በአዲሱ ባቡር ስታዲየም ልንሄድ ሁለት ሁለት ብር ከፍለን ተሳፈርን። ባቡሩ ያኔ ገና ቀለሙ አልደበዘዘም፤ ሰው ወንበሩን በእጁ እየዳሰሰ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ቆሜ፣ ከላይ ያለው ሽቦ ኃይል እንዴት እንደሚሰጥ ለማስተዋል ሳብራራ፣ ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አዛውንት መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ማብራሪያው ግሩም ነው፤ ብቻ የምትሄዱት ወደ አያት ነው» አሉኝ። ፉርጎው በሙሉ ሳቀ። ማስተዋል ሁለት ወንበር ራቅ ብላ ሄዳ ቆመች። አልፈረድኩባትም። እኔም ብችል ከራሴ ሁለት ወንበር እርቅ ነበር።

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ስንደርስ አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ተኝቶ አልነሣም አለ። እዚያው አጠገብ ባለው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አቁሜያት፣ «እዚህ ነው የምትገቢው» ብል ጥበቃው የእኔን መታወቂያ ጠየቀኝ። አንድ ትልቅ የገበያ ሕንጻ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ደረጃ አጠገብ ቆሜ፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም ሳስረዳት ከኋላችን ሰው ተከማችቶ ኖሮ አንዱ ጎረምሳ፣ «ብሮ፣ ልትወጣበት ነው ወይስ ልትመርቀው?» አለኝ። ማስተዋል እጄን ይዛ ጎተተችኝ። «ዝም ብለህ እግርህን አንሣ፣ ጋሼ!» እሷ በእናቷ ሸራ ጫማ ቀልጠፍ ብላ ወጣች፤ እኔ የኮቴን ጫፍ ሰብስቤ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ሆኜ ተከተልኳት። አይስክሬሙንም በላነው፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ታዛ ሥር ቆመን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ። ሻጩ «በዚህ ብርድ አይስክሬም የገዛችሁኝ እናንተ ብቻ ናችሁ» ብሎ መረቀን።

በመጨረሻው ቀን መናፈሻ ወሰድኳት። ዛሬ ባልፍበት የማላውቀው ሆኗል አሉ። የሺ እንዳለችው መርከቧ ላይ አብሬያት ወጣሁ። መርከቧ ሁለት ጊዜ እንደተወዛወዘች ሰማዩ ከእግሬ በታች መጣ። «በስመ አብ!» አልኩ። አልቆመችም። «አውርዱኝ! መምህር ነኝ!» ብዬ ጮህኩ። ማስተዋል እስከ ዛሬ ይህችን ይዛብኛለች፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «አውርዱኝ፣ መምህር ነኝ» ትላለች። ያን ቀን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከወረድንም በኋላ፣ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ራሴን ይዤ ተቀምጬ፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። ተዋረድኩ፣ ግን አሸነፍኩ ብዬ አሰብኩ። ጊዜው አሁን ነው አልኩ።

«እንዴት ነው? ደስ አለሽ?»

«በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ይህን የመሰለ ከተማ እያለሽ፣ ሰው አገር ምን ልታዪ ትሄጃለሽ?»

ሳቋ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«እማማ።»

የሸራ ጫማዋን ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረችው። «እኔ ፎቅ ለማየት የምሄድ መስሎህ ነው?»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«እማዬ እንድትመጣ ነዋ።»

አልገባኝም። እኔ አስረዳለሁ እንጂ ሲያስረዱኝ ቶሎ አይገባኝም።

«እሷ ከመጣች ለአባባ መድኃኒት ማን ይልካል?» አለች ማስተዋል፣ ለትንሽ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቤቱ የቆመው በእሷ ነው። አንተም የተማርከው...» ኮቴን አየችና ዓረፍተ ነገሩን ተወችው። «አንድ ሰው እዚያ መኖር አለበት። እኔ ስሄድ እሷ ትመለሳለች። ደላላውን የለመንኩት እሷ ያለችበት ከተማ እንዲያደርገኝ ነው።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ብነግራት እሺ ትላለች? ስደርስ ታየኛለች።»

«አንቺስ መቼ ትመለሻለሽ?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «እኔን ደግሞ ማን እንደሚተካኝ እንጃ።»

አራት ዓመት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ስመላለስ የበላሁትን፣ የለበስኩትን ኮት፣ የተሳፈርነውን አውቶቡስ፣ ያሁኗን መርከብ ሳይቀር የከፈለችው የሺ ናት። ይህን ሁልጊዜ አውቀዋለሁ፤ አመሰግናታለሁም። ያልታየኝ ሌላው ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት «ደረሰን» ብለናታል። «የአባባ ጆሮ ባሰበት» ብለናታል። «አይዞሽ፣ በርቺ» ብለናታል። እናቴም፣ አባቴም፣ እኔም፣ አንዳችንም «ነይ» ብለናት አናውቅም። ሳንመካከር፣ ሁላችንም ያንን ቃል ዘለልነው። የዘለልነውን ቃል ደግሞ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በራሷ ልትከፍልልን ተነሥታለች። መናፈሻው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚያዩኝ መሰለኝ። የቅድሙ እፍረት፣ የባቡሩም የደረጃውም፣ ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

ከመናፈሻው በር ባለችው ኪዮስክ የመቶ ብር ካርድ ገዛሁና በጥፍሬ ፋቅሁት። ደወልኩ። ጠራ። ማስተዋል «በቃ ዝጋው፣ ጋሼ፣ ያስከፍልሃል!» አለችኝ። አልዘጋሁም። ጠራ፣ ጠራ።

«ሄሎ! ምን ሆናችሁ?» አለች የሺ። ከኋላዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«ምንም አልሆንንም፣ እታለም። ነይ ልልሽ ነው።»

«ምን አልክ?»

«ወደ ቤትሽ ነይ። ይበቃል። ከእንግዲህ ቤቱን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሕፃናቱን ዝም ስታሰኝ ሰማሁ። ከዚያ የሺ፣ «ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም።»

«አባባ ናቸው! ወይኔ አባቴን! ወይኔ ሳላያቸው!»

በእኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ዘመዱ የሞተበት ስደተኛ ሰበብ ተፈልጎለት «ና» ይባላል፤ መርዶውን አገሩ ገብቶ፣ ወገን ከቦት ነው የሚሰማው። ያልተዘጋ ስልክና «ነይ» የሚል ቃል አንድ ላይ ሲመጡ ለእሷ ሌላ ትርጉም አልነበራቸውም። አሥር ዓመት ሙሉ ካልጠራናት፣ ያለ ሞት እንጠራታለን ብላ እንዴት ታስብ? «ደህና ናቸው እኮ ነው የምልሽ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ በጮህኩ ቁጥር ይበልጥ ታምናለች። ማስተዋል ስልኩን ነጠቀችኝ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ማርያምን! ሁሉም ደህና ነው።»

«እውነት ከሆነ እስቲ ሳቂ!» የሚለው የየሺ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። «ሳቂልኝና ልመን!»

ቅድም ሳቋ አልቆም ያላት ልጅ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።

መርሳ እንደተመለስን አባቴን አምጥተን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ደገንን። «ማነሽ? ጮክ በይ! አይሰማም!» አሉና ለእናቴ መለሱት። የሺ፣ «ይህ የማን ሽማግሌ ነው? አባባ ስልክ ይዘው አያውቁም፤ ጎረቤት አምጥታችሁ አታታሉኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ የምንላትን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ትላለች እንጂ አታምንም። ደላላው በጳጉሜን ሲመጣ ማስተዋል «እናቴ እየመጣች ነው» ብላ መለሰችው። ሁለቱ ጓደኞቿ ሄዱ።

የሺ በጥቅምት ገባች። መርሳ መናኸሪያ ወጥተን ጠበቅናት። አሰላለፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከአውቶቡሱ ስትወርድ መጀመሪያ እንድታያቸው አባቴን አዲስ ጋቢ አልብሼ፣ ከዘራቸውን አስይዤ ከፊት አቆምኳቸው። በሩ ሲከፈት ከእሷ በፊት ልቅሶዋ ወረደ። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። «አባባ! አፈር እንኳ ሳላለብስዎት!» እያለች ደረቷን ስትደቃ፣ መናኸሪያው ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጡት ሴቶች ነገሩን ሳያውቁ አብረዋት አለቀሱ። ይህኛው ድምፅ ለአባቴም ደረሳቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እናቴ ዞሩና፣ «ኧረ ማን ሞተ?» አሉ።

የሺ ልቅሶዋን ዋጠች። ቀረብ ብላ የአባቴን ጉንጭ በመዳፏ ነካች። እናቴን አየች። እኔን አየች። ያመነች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን የጎደለውን ነበር የምትፈልገው። ዓይኗ በወገብ ቁመት ላይ፣ በእኛ ቀሚስና ሱሪ መካከል ተንከራተተ። ከሄደች ወዲህ የላክንላት የልጇ ፎቶ አንድ ብቻ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የተነሣችው።

«ልጄስ?» አለች። «ማስተዋልስ? የሞተችው እሷ ናት?»

እናቴ አቀረቀሩ። እኔም ምን ብዬ እንደማስረዳት ጠፍቶኝ አቀረቀርኩ።

«እማዬ» አለች ማስተዋል፣ ከፊቷ እንደቆመች። «እኔ ነኝ።»

የሺ ልጇን ለማየት ቀና አለች።